ለ2 ወር ሕፃን የፕሮባዮቲክ ጠብታ፣ ለአባትየው ደግሞ እርጎ ይበቃል ወይ?

ሰላም እህቴ። የጠየቅሽው ሁለት ነገር ነው፤ ማታ ማታ በቁርጠት ለሚያለቅሰው የ2 ወር ልጅሽ ፋርማሲ ያሳዩሽ ጠብታ ይጠቅማል ወይ? የጨጓራ ባክቴሪያ መድኃኒት ጀምሮ ተቅማጥ ለያዘው ባለቤትሽስ የቤት እርጎ ይበቃዋል ወይ?

ከልጁ ልጀምር። ፕሮባዮቲክ (ለጤና ይጠቅማል ተብሎ የሚወሰድ ሕያው ረቂቅ ተሕዋስ) የሚለው ቃል ብቻውን ብዙ አይነግርሽም። ጤፍ ማኛ፣ ሰርገኛ፣ ቀይ እንደሚባለው ባክቴሪያውም ዘር አለው፤ አንዱ ስለጠቀመ ሌላውም ይጠቅማል ማለት አይደለም። ለጨቅላ ቁርጠት ደህና ማስረጃ ያለው ላክቶባሲለስ ሪውቴሪ ዲኤስኤም 17938 የሚባለው ነው። ካርቶኑ ላይ ቁጥሩ ጭምር ካልተጻፈ አትግዢው። መጠኑ በቀን አንዴ 5 ጠብታ ነው፤ ይህም 100 ሚሊዮን ሕያው ባክቴሪያ ማለት ነው። ባክቴሪያው ጠብታው በተሠራበት ዘይት ውስጥ ስለሚዘቅጥ ጠርሙሱን ሁልጊዜ በደንብ ነቅንቂው፤ አለዚያ መጀመሪያ ላይ ዘይት ብቻ ትሰጪዋለሽ። በማንኪያ፣ ብቻውን ወይም ከታለበ የጡት ወተት ጋር ስጪው። ሙቅ ነገር ውስጥ ከገባ ይሞታል። አንዳንዱ ዓይነት ቫይታሚን ዲ ስላለበት፣ ልጁ ቫይታሚን ዲ ለብቻው የሚወስድ ከሆነ እጥፍ እንዳይሆንበት ካርቶኑን አንብቢ።

በ2 ቀን ለውጥ አትጠብቂ፤ 3 ሳምንት ሞክሪው፣ ካልረዳው አቁሚ። ጥቅሙ በግልጽ የታየው ጡት በሚጠቡ ሕፃናት ላይ ነው፤ የዱቄት ወተት ለሚጠጣ ልጅ ገንዘብሽን ባታወጪ ይሻላል። ቁርጠቱ ራሱ በ6ኛው ሳምንት አካባቢ ይብስና በ3 ወይም 4 ወር ይለቃል። እስከዚያ ጤና አዳምም ሆነ የአብሽ ውሃ አትስጪው፤ እስከ 6 ወር የሚያስፈልገው ጡትሽ ብቻ ነው። ደግሞም በጡት ወተት ውስጥ ሕፃኑ የማይፈጨው ስኳር አለ፤ እሱን የሚበሉት አንጀቱ ውስጥ ያሉት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ናቸው።

ልጁ ያለጊዜው የተወለደ ከሆነ ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንድም ጠብታ እንዳትሰጪው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2023 በዚህ ላይ ያስጠነቀቀው ባክቴሪያው ራሱ ደም ውስጥ ገብቶ ሊገድል ስለሚችል ነው። ትኩሳቱ 38 ከደረሰ፣ አረንጓዴ ካስመለሰው፣ ሰገራው ደም ካለበት ወይም መጥባት እምቢ ካለ ቁርጠት ነው ብለሽ አትቀመጪ፤ ያኔውኑ ሐኪም ጋ ውሰጂው።

ወደ ባለቤትሽ ስመጣ፣ ጨጓራውን የሚያድነው አንቲባዮቲኩ ስለሆነ ተቅማጡን ፈርቶ በራሱ እንዳያቋርጥ። ተቅማጡን የሚቀንስለት ሳካሮማይሴስ ቡላርዲ የሚባለው ፕሮባዮቲክ ነው፤ 250 ሚሊግራሙን ጠዋትና ማታ፣ መድኃኒቱ እስኪያልቅ። ይህ እርሾ እንጂ ባክቴሪያ ስላልሆነ አንቲባዮቲክ አይገድለውም (የፈንገስ መድኃኒት ግን ይገድለዋል)። የባክቴሪያ ፕሮባዮቲክ ከሆነ ከአንቲባዮቲኩ 2 ሰዓት ያራርቀው። የሰውነት መከላከያው የተዳከመ ወይም ደም ሥሩ ላይ ቱቦ የተተከለለት ሰው ግን ፕሮባዮቲክ አይውሰድ። ፈሳሽ የሚተካው ለምለም (ኦአርኤስ) ነው፤ ደም ወይም ትኩሳት ከታየ ይመርመር።

እርጎ ጥሩ ምግብ ነው፤ ነገር ግን ውስጡ ምን ዘር እንዳለና ስንት እንደሆነ ስለማይታወቅ የመድኃኒት ምትክ አይሆንም። እንጀራና አይብም ቢቦኩ እሳት ስለሚነካቸው ሕያው ባክቴሪያቸው አይተርፍም። ከጥሬ ወተት የረጋ እርጎ ደግሞ ያሰጋኛል፤ ኮምጣጣነቱ ብሩሴላ የሚባለውን ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ ባክቴሪያና የከብት ቲቢን በእርግጠኝነት አይገድልም። ስለዚህ 1 ሊትር ወተት አፍልተሽ፣ ጣትሽን ከትተሽ እስከ 10 መቁጠር እስክትችዪ አቀዝቅዢውና 2 የሾርባ ማንኪያ ያልቆየ እርጎ ቀላቅዪበት። ክዳኑን ገጥመሽ በጋቢ ጠቅልዪና ከ6 እስከ 8 ሰዓት ሳታንቀሳቅሺ ተዪው። ሳይቀዘቅዝ ከጨመርሽ የእርጎው ባክቴሪያ ይሞታል፤ ወተቱ ቀዝቅዞ ካለፈው ደግሞ ሳይረጋ ያድራል። ሁሉን በትክክል አድርገሽ አልረጋ ካለ ወተት የምትገዢበትን ሰው ላሟ መርፌ ተወግታ እንደሆነ ጠይቂው፤ ወተቱ ውስጥ የቀረ አንቲባዮቲክም የእርጎውን ባክቴሪያ ይገድለዋል።