የትኛው ኮዴክ ይበልጣል? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ስለ ቪዲዮ መጭመቅና ስለ ኮዴክ፣ ማለትም ቪዲዮን ጨምቆ ስለሚያስቀምጠውና መልሶ ስለሚከፍተው ዘዴ፣ ብዙ ጠይቃችሁኛል። ተደጋግመው የመጡትን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ከኤች.264፣ ከኤች.265 እና ከኤቪ1 ጥርት ያለው የቱ ነው?

መልስ፦ በቂ ቢትሬት (ለአንድ ሰከንድ ቪዲዮ የሚመደብ የዳታ መጠን) ካገኙ ሦስቱንም ከዋናው ቅጂ በዓይን መለየት ይከብዳል። ልዩነቱ የሚወጣው ቢትሬቱ ሲያንሳቸው ነው። የ2003ቱ ኤች.264 በሰከንድ 4 ሜጋቢት የሚፈልግበትን ሥዕል፣ የ2013ቱ ኤች.265 በግማሹ አካባቢ ሊያሳይ ይችላል። የ2018ቱ ኤቪ1 አብዛኛውን ጊዜ ከዚያም ያነሰ ይበቃዋል። ግን ኤንኮደሩም፣ ማለትም መጭመቁን የሚሠራው መሣሪያ፣ ወሳኝ ነው። ተረጋግቶ የሠራ ኤክስ264 (የኤች.264 ኤንኮደር) በጥድፊያ የተሠራን ኤች.265 ሊያስከነዳው ይችላል።

ጥያቄ፦ ኤች.264ንም ኤች.265ንም ሲአርኤፍ (የጥራት ደረጃ መወሰኛ ቁጥር) 23 ላይ ሠራኋቸው። የኤች.265ቱ ፋይል አነሰ። አሸነፈ ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም ወዳጄ። ቁጥሩ አንድ ቢሆንም መለኪያው ለየቅል ነው። ካልነካካሃቸው ኤክስ264 በ23፣ ኤክስ265 (የኤች.265 ኤንኮደር) በ28 ነው የሚሠሩት። በሁለት ዙር ኤንኮዲንግ (መጀመሪያ ቪዲዮውን አጥንቶ ከዚያ በሚጨምቀው) እኩል ቢትሬት ስጣቸው፤ ከዚያ አወዳድር።

ጥያቄ፦ ምን ዓይነት ቪዲዮ ላይ ልሞክር?

መልስ፦ የሚያስቸግር ላይ። የሰርግ ቪዲዮ ካለሽ ግሩም ነው። እስክስታው ሲሞቅ የሚንቀጠቀጡትን ትከሻዎች እይ፤ ኤች.264 ቢትሬት ሲያንሰው እዚያ ላይ ካሬ ካሬ ይሠራል። ኤቪ1 ደግሞ ያለሰልሳል። የሙሽራዋ ፊት ሰም የተቀባ ይመስላል፣ የነጠላው ሽመና ይጠፋል። ይሄኛው ሸዋጅ ነው፤ ፈዝዞም ንጹሕ ይመስላል። ጨለም ያለ ግድግዳ ላይ ደረጃ ደረጃ የሠራ ቀለም ካየሽ ኤች.265ን ወይም ኤቪ1ን በ10 ቢት (ቀለሙን ከ8 ቢት በበለጠ ደረጃ በሚከፍለው) ሞክሪ፤ ምንጩ 8 ቢት ቢሆንም ይረዳል። ቪዲዮውን አቁመሽ አንድ ፍሬም ብቻ አይተሽ አትፍረጂ። በአንዱ ፋይል ቁልፍ ፍሬም (ከሌሎች ፍሬሞች ሳይበደር ሙሉ ሆኖ የተቀመጠ) የሆነው በሌላው ላይሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ቪማፍ 95 ሰጠኝ። በቃ?

መልስ፦ ቪማፍ ኔትፍሊክስ በ2016 በነጻ የለቀቀው የቪዲዮ ጥራት መለኪያ ነው፤ ነጥቡ ከ0 እስከ 100 ነው። ከድሮው መለኪያ ከፒኤስኤንአር ይልቅ ለሰው ዓይን ይቀርባል። ግን በአማካዩ አትሸወድ። አማካይ 95 ውስጥ የተበላሹ ሁለት ሰከንዶች ሊደበቁ ይችላሉ፤ ተመልካች የሚያማርረው ደግሞ በእነሱ ነው። ዝቅተኛ ነጥብ ያገኙትን ፍሬሞች አውጥተህ ራስህ እያቸው። የሥዕሉን ጠርዞች በማጣሪያ ማጉላትም ነጥቡን ከፍ ሊያደርገው ይችላል።

ጥያቄ፦ በግራፊክስ ካርድ ብሠራስ?

መልስ፦ ለቀጥታ ስርጭት አሪፍ ነው። ለሚቀመጥ ሥራ ግን፣ መጠኑ እኩል ከሆነ፣ ቀስ ብሎ የሚሠራው ሶፍትዌር ይሻላል።

ጥያቄ፦ ለዩቲዩብስ?

መልስ፦ ራሱ እንደገና ይጨምቀዋል። ኤች.264 ይበቃል፤ ቢትሬት ላይ ብቻ አትሰስት።

ጥያቄ፦ ውጭ ላሉት ዘመዶቼ በየትኛው ልላክላቸው?

መልስ፦ በኤች.264። አይፎኖች ኤቪ1ን በሃርድዌር መክፈት የጀመሩት ከ15 ፕሮ ወዲህ ነው፤ የእትዬ ስልክ ደግሞ ምን እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። በቴሌግራም ስትልኪ እንደ ፋይል ላኪው። እንደ ቪዲዮ ከላክሽው መልሶ ሊጨምቀው ይችላል።