መልስ፦ በብሎኬት ግድግዳ ላይ ሥዕል ስለ መስቀልና ስለ መከለያ ገመድ

ጤና ይስጥልኝ። በአዳራሽዎ ሥዕሎችን እንዴት እንደሚሰቅሉና ተመልካች ሥዕሎቹን እንዳይጠጋ የሚከልለውን ገመድ እንዴት እንደሚያቆሙ ለጠየቁኝ መልሴ ይኸው። የብሎኬት ግድግዳ ባለው አዳራሽዎ ለየሥዕሉ ምስማር ከመምታት ይልቅ ከኮርኒሱ ሥር ሥዕሎቹ በሽቦ የሚንጠለጠሉበት የአሉሚኒየም ሐዲድ ለማሰር ማሰብዎ ተገቢ ነው። ሆኖም ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ ተራ ፊሸር (ብሎን የሚገባበት የፕላስቲክ መያዣ) የሚይዘው ስሱን ቅርፊት ብቻ ነው፤ ክብደት ሲበዛበት እየላላ ይሄድና በመጨረሻ ልስኑን ይዞ ይወርዳል። ስለዚህ ሐዲዱን፣ ከፍታው ከፈቀደ፣ በአርማታው ቢም (በግድግዳው ላይ አግድም በተሠራው ድፍን ኮንክሪት) ላይ ያሳስሩት፤ ካልሆነም ከጀርባ የሚከፈት ለክፍት ግድግዳ የተሠራ ብሎን ይጠቀሙ። እያንዳንዱ ሥዕል በሁለት ሽቦ ቢንጠለጠል አይዘምም፤ የሥዕሉ መካከል ከወለሉ 150 ሴንቲሜትር ገደማ ቢሆን ለአብዛኛው ተመልካች ይመቻል።

መከለያውን በተመለከተ፣ ወለሉን ከመብሳት ይልቅ ከባድ መቀመጫ ያላቸውን፣ ገመዱ የሚታሰርባቸውን ተንቀሳቃሽ ዘንጎች እመርጣለሁ፤ ልጆች ገመዱን መጎተታቸው አይቀርምና ቀላል ዘንግ ወደ ሥዕሉ ሊወድቅ ይችላል።