ኬብሉን ከመምረጥዎ በፊት ጫማዎን ይመልከቱ

ለቴሌማርክ (ተረከዝ ከስኪው ሳይታሰር በበረዶ ላይ ለሚደረግ የስኪ ሸርተቴ) የተራራ ጉዞ፣ የጫማውን አፍንጫ ከስኪው ጋር የሚይዝ ባለ ሦስት ፒን ማሰሪያ ይበቃ እንደሆነ ወይም በተረከዝ ዙሪያ የሚዞር ኬብል ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቀዋል። መልሱ በጫማዎ ይወሰናል። አፍንጫው 75 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ለስላሳ የቆዳ ጫማ ከሆነ፣ ኬብሉ የሚነቀል ባለ ሦስት ፒን ማሰሪያ እመርጣለሁ፤ ሜዳውን በፒኑ ብቻ ይሄዳሉ፣ ለቁልቁለቱ ኬብሉን በተረከዝዎ ዙሪያ ያስገባሉ። ጫማዎ ጠንካራ ፕላስቲክ ከሆነ ግን ለአቀበት ነጻ ማጠፊያ (ተረከዝዎ ያለ ሞላ ጉተታ እንዲነሳ የሚያደርግ) ያለውን ማሰሪያ ይፈልጉ፤ አለበለዚያ በየእርምጃው ኬብሉን ከሚወጥረው ሞላ ጋር ሲታገሉ ይውላሉ። (እኔ ታግያለሁ፣ አልመክርም።) ሞላውን ከልክ በላይ አያጥብቁ። ኬብል ደግሞ ይበጠሳል፤ መለዋወጫና መፍቻ ከቦርሳዎ አይለዩ። አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ማሰሪያዎች ሲወድቁ እግርን አይለቁም፤ የበረዶ ናዳ በሚያሰጋበት ተዳፋት ይህን አስቀድመው ያስቡበት።