«የ40 ቀኑን ቡችላ ልውሰደው ወይ?» ላልሽው እህቴ

ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በክራንች ነው የምትሄጂው። የወደቀ ዕቃ የሚያነሳልሽ፣ በር የሚከፍትልሽ፣ ስትነሺ የምትደገፊው ትልቅ ውሻ ራስሽ ልታሠለጥኚ አስበሻል። ደላላው የ40 ቀን ጀርመን ሸፐርድ አሳይቶሽ «ከሁሉም ትልቁና ደፋሩ እሱ ነው» ብሎሻል። እኔም እዚሁ ጂማ ነኝ። ግራ እግሬ ከልጅነቴ ጀምሮ አይታዘዘኝም። ለዚሁ ብዬ ሁለት ውሻ አሳድጌያለሁና ያየሁትን ልንገርሽ።

በ40 ቀኑ አትውሰጂው። ቡችላ ቢያንስ 8 ሳምንት ከእናቱ ጋር መቆየት አለበት። ወንድሙን ጠንከር አድርጎ ሲነክስ፣ ወንድሙ ጮሆ ጨዋታውን ሲተወው ነው አፉን መመጠን የሚማረው። ነገ በዚያ አፍ ነው ስልክሽን የሚያቀብልሽ።

«ትልቁና ደፋሩ» ለግቢ ጠባቂ ይሆናል እንጂ ላንቺ አይሆንም። የእኔ የመጀመሪያው እንደዚያ ነበር። ምግብ ላይ ሌሎቹን ሲገፋ አይቼ ወደድኩት። አድጎ አጂፕ አካባቢ ይዤው ስወጣ ግን ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ይወረወራል። አንድ ቀን በዝናብ ጎትቶ ጭቃ ላይ ጣለኝ። ከዚያ የባሰ ደግሞ እኔ አጠፋሁ። 10 ወር ሳይሞላው ከመቀመጫ ስነሣ ጀርባውን እደገፍ ነበር። ግዙፍ ስለሆነ የሚችል መሰለኝ። ዓመት ሲሞላው የኋላ እግሩን መጎተት ጀመረ፣ ደረጃ መውጣትም አቃተው። ሐኪሙ ዳሌውን ነካ ነካ ሲያደርገው ያሰማው ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም።

የትልልቅ ውሾች አጥንት እስከ ዓመት ተኩል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ እያደገ ነው የሚቆየው። የዳሌ መገጣጠሚያ መላላት ደግሞ በዘር ይተላለፋል፤ ቶሎ ማወፈር ያብሰዋል። ስለዚህ ጎድኑ በእጅሽ ሲዳሰስ የሚሰማሽ ይሁን። ሐኪም ካላዘዘ የካልሲየም ኪኒን አትስጪው። መደገፉን 2 ዓመት እስኪሞላውና ዳሌው በራጅ እስኪታይ ድረስ እርሺው። ከዚያም በኋላ ቢሆን ሙሉ ክብደትሽን አትጣዪበት፣ ክራንቹ አይቅርብሽ። ዕቃ ማንሣትና በር መክፈት ግን ትልቅነት አይጠይቅም። የጀርመን ሸፐርድ ወንድ ከ30 እስከ 40 ኪሎ፣ ሴቷ ከ22 እስከ 32 ኪሎ ትመዝናለች። እኔ ብሆን ሴቷን ነው የምመርጠው።

ሁለተኛዋን የመረጥኳት እናቷ ያለችበት ግቢ ድረስ ሄጄ ነው። እናቲቱ አንድ ሁለቴ ጮኸችብኝና ባለቤቷ ሲያናግረኝ አይታ ተኛች። ደስ አለኝ። ከዚያ ቁልፌን ሲሚንቶው ላይ ጣልኩት። አንዱ ቡችላ እያለቃቀሰ በርሜል ሥር ገባ፣ አልወጣም አለ። ሌላው ነጥቆ ሮጠ። እሷ ግን ደንግጣ ሸሸት አለች፣ ቆመች፣ ጆሮዋን ቀሰረች፣ አንገቷን አስግጋ መጥታ ቁልፉን አሸተተችው። አሽትታ ስትጨርስ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። የወሰድኳት ለዚያ አስተያየቷ ነው። መደንገጥ ችግር የለውም፤ የምታዪው ምን ያህል ቶሎ እንደሚመለስና ወደ ሰው መዞሩን ነው። ታዲያ አንድ ቀን አይተሽ አትወስኚ። እንቅልፍ የያዘው ቡችላ ሁሉ ጨዋ ይመስላል፤ በሌላ ሰዓት ተመለሺ።

ሌላው የሚያስጨንቅሽ ክትባት ነው። ከ6 እስከ 8 ሳምንቱ ይጀመርና በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ እስከ 16ኛው ሳምንት ይደገማል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ደግሞ በ3 ወሩ ነው። ቡችላ ዓለምን በቀላሉ የሚለምደው ግን እስከ 14 ሳምንት ገደማ ስለሆነ ክትባቱ እስኪያልቅ ቤት ቆልፈሽበት አትጠብቂ። እኔ የእህቴን ልጅ ዘንቢል አስይዤ፣ ቡችላዋን በዘንቢል በባጃጅ እያዞርን መርካቶን አሳየናት። መሬት አልነካችም፤ ጥሩንባውን፣ ጃንጥላውን፣ የፍየሉን ጩኸት ግን ለመደች።

ሰፈርሽንም አስቢ። ፊት ለፊታችን ያሉት አባት ለሶላት ሲወጡ የውሻ ምራቅ ልብሳቸውን ከነካ ተመልሰው ሊያጥቡ ነው። ስለዚህ ከ«ተቀመጪ» በፊት ያስተማርኳት ሰው ሳታሸት፣ ሳትልስ ማለፍን ነው። ለሥራዬ እንደምትረዳኝ ሳስረዳቸው ገባቸው። አሁን ከሩቅ ያዩንና መንገዱን ለቀቅ አድርገው ያሳልፉናል። እንግዳ ሁሉ ላይ የሚንጠለጠል ቡችላ ደስ ቢልም፣ ለዚህ ከተማ ያስቸግርሻል።

ደግሞ በደንብ የተመረጠም ቢሆን ለሥራው ላይሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ የት እንደሚኖር ከቤተሰብሽ ጋር ከአሁኑ ተነጋገሩ። የእኔ የመጀመሪያው እስኪሞት ድረስ እኔው ጋ ነበር፣ ጋቢዬ ላይ ነበር የሚተኛው።

ለደላላው 8 ሳምንት እስኪሞላው እንዲያቆይልሽና እናቲቱን እንዲያሳይሽ ንገሪው። እምቢ ካለ ተዪው። እሺ ካለ ቁልፍሽን ይዘሽ ሂጂ፣ ያየሽውንም እዚሁ ጻፊልኝ።