መልስ፦ በሶፍትዌር የሠራሁት ሲሪያል የተበላሸ ፊደል ያመጣብኛል

በአቲታይኒ 85 (ትንሽ ፕሮግራም የሚደረግ ቺፕ) ላይ በሲሪያል፣ ማለትም ቢት በቢት ተራ በተራ በአንድ ሽቦ፣ ስትቀበል ፊደሉ የሚበላሽብህ፣ ስታርት ቢቱ (የፊደሉን መጀመሪያ የሚያበስረው ምልክት) ከወረደ በኋላ 104 ማይክሮ ሰከንድ ብቻ ጠብቀህ ስለምታነብ ነው። እንደዛ ሲሆን በትክክል የሁለት ቢቶች ድንበር ላይ ታርፋለህ። በሰከንድ 9600 ቢት ፍጥነት አንዱ ቢት 104 ማይክሮ ሰከንድ ስለሚፈጅ፣ መጀመሪያ አንድ ተኩል ቢት ጠብቅ፣ 156 ማይክሮ ሰከንድ ማለት ነው። ያኔ የመጀመሪያው የዳታ ቢት መሀል ላይ ነህ። ቀሪዎቹን ሰባት በየ104 አንብብ። ቀድሞ የሚመጣው ዝቅተኛ ዋጋ ያለው ቢት ነው። እስክትጨርስ ኢንተራፕት (ቺፑን ከሥራው የሚያቋርጠውን ጥሪ) ዝጋ።

አንድ ነገር ግን፦ የቺፑን የውስጥ ሰዓት (የሥራ ፍጥነቱን የሚመታለትን) ብዙ አትመነው። እኔ እዚህ ድሬዳዋ ጠዋት ጥሩ የሚሠራ ቦርድ ነበረኝ። ቀትር ላይ ቆርቆሮው ሲግል ፊደል ይቀላቅላል። ሦስት ቀን ኮዱን ስበረብር ከረምኩ፣ ለካስ ሰዓቱ ነው በሙቀት የሸሸው! ክሪስታል (ትክክለኛ ምት የሚሰጥ የውጭ ሰዓት) ገጠምኩለትና ተገላገልኩ። ሁለት ፒን ይበላብሃል እንጂ።