ካርታውን ከግድግዳው አውርጂው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «አምስተኛ ክፍል ህብረተሰብ ተመደብኩ። ልጆቹ የክልሎቹን ስም በቃላቸው ይወርዱታል፣ ካርታው ፊት ሳቆማቸው ግን የራሳቸውን ከተማ አያገኙም። ያለን ካርታ አንድ ነው፣ እሱም ተቀዳዷል። በራሴ ብር ልግዛ? ከምንስ ልጀምር?» ነው ያልሽው። ስለ ዕለት ዕቅዱና ስለ መምህሩ መምሪያ ሌሎቹ በደንብ መልሰውልሻል፣ እሱን አልደግምም። እኔ የምነግርሽ አራት ዓመት ሙሉ የሠራሁትን ስህተት ነው። ያንቺም ልጆች ችግር እሱ ይመስለኛል።

ማስተማር ከጀመርኩ 15 ዓመት ሆነኝ። የመጀመሪያዎቹን አራት ዓመታት ደቡብ ወሎ ውስጥ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ነበርኩ። የነበረችንን አንድ ካርታ ከሰሌዳው ጎን በምስማር ሰቀልኳት። «ላይ ሰሜን፣ ታች ደቡብ፣ ቀኝ ምሥራቅ፣ ግራ ምዕራብ» አስባልኳቸው። በዜማ ይሉታል። ፈተና ላይም አይስቱትም። እኔም ካርታ ማንበብ አስተማርኩ ብዬ ልቤ ሞልቶ ነበር።

በአራተኛው ዓመት ሱፐርቫይዘር መጣ። ትንሽ ካዳመጠ በኋላ «እስቲ ሰሜንን በጣታችሁ አሳዩኝ» አላቸው። ክፍሉ በሙሉ ጣቱን ወደ ጣሪያው ቀሰረ። «ምሥራቅስ?» አለ። ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ። ሰሌዳችን ያለው ደቡብ ግድግዳ ላይ ነው። ወደ ደቡብ ዞሮ ለተቀመጠ ልጅ ቀኝ እጁ ምዕራብ ነው። ስለዚህ እነዚያ ልጆች በየቀኑ ከብት ሲያግዱ ፀሐይዋን ሲያዩ እየዋሉ፣ ክፍል ሲገቡ ግን ፀሐይ የምትጠልቅበትን ምሥራቅ ይሉ ነበር። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ ደግሞ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ሰሜን ላይ ከሆነ ዓባይ እንዴት አድርጎ ነው ሽቅብ ወደ ግብፅ የሚፈሰው?» አለ። ያ ልጅ እያሰበ ነበር። ሲያሰናክለው የኖረው የእኔ ትምህርት ነው።

ሱፐርቫይዘሩ አልተቆጣኝም። ካርታውን ከምስማሩ አወረደና ወለሉ ላይ ዘረጋው። አዙሮ አዙሮ የካርታውን ሰሜን ከእውነተኛው ሰሜን ጋር አገጣጠመው። «አሁን ዙሪያውን ቁሙ» አላቸው። ሌላ ነገር አልጨመረም። ልጆቹ ዝም አሉ፣ ከዚያ አንዷ በመስኮት ወደ ውጭ እያየች «እንግዲያ ጎንደር በዚያ በኩል ነው ማለት ነው» አለች። ትክክል ነበረች። ያን ቀን የተማርኩት ኮሌጅ ከተማርኩት ይበልጥብኛል።

ስለዚህ፦

1ኛ. ካርታውን አውርጂው። ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት መሬት ላይ ይነጠፍ። ከዚያ በኋላ ብትሰቅይው ደግሞ ሰሜን ግድግዳ ላይ ይሁን። ያኔ የካርታው ቀኝ የልጁም ቀኝ ይሆናል፣ ምሥራቁም እውነተኛው ምሥራቅ። «ላይ» እና «ታች» የሚሉትን ቃላት ለአቅጣጫ አትጠቀሚባቸው። ለከፍታ ብቻ አስቀሪያቸው። ዓባይ ወደ ሰሜን ይሄዳል፣ ቁልቁል ደግሞ ይወርዳል። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ወንዙ ሱዳን ድንበር ሲደርስ 500 ሜትር አካባቢ ወርዷል። ይህን ስትነግሪያቸው የዚያ ልጅ ጥያቄ ይመለሳል።

2ኛ. አቅጣጫን ከካርታ አታስተምሪ። ከካርታ በፊት ከደጅ አስተምሪ። ጠዋት በሰልፍ ሰዓት ፊታቸውን ወደ ፀሐይዋ አዙሪ፣ ቀኝና ግራ እጃቸውን ይዘርጉ። ግራቸው ሰሜን ነው። አሁን ያለሁት ደሴ ነው፣ እኛ ጦሳ የሚባል ተራራ አለልን። ምዕራብ የቱ ነው ስትያቸው ጦሳን ያሳዩሻል፣ ጀርባ ሰጥተሽ ብታቆሚያቸውም አይስቱም። ያንቺ ከተማ ጦሳ የትኛው ተራራ እንደሆነ ፈልጊ።

እዚህ ላይ ወሎ የሰጠኝን አንድ ነገር ልንገርሽ። ክፍሌ ውስጥ ግማሹ ቤተ ክርስቲያን፣ ግማሹ መስጊድ የሚሄድ ነው። ክርስቲያኖቹ ጸሎት ወደ ምሥራቅ ዞሮ እንደሚደረግ ያውቃሉ። ሙስሊሞቹ ቂብላን፣ ሲሰግዱ የሚዞሩበትን የመካን አቅጣጫ፣ ያውቃሉ። ደሴም መካም ሁለቱም ከ40 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ (ሉል ላይ ከሰሜን ወደ ደቡብ ከሚሰመሩት መስመሮች አንዱ ነው) ትንሽ መለስ ብለው ነው የሚገኙት። ስለዚህ እኛ ጋ ቂብላ ማለት ከሞላ ጎደል ቀጥ ያለ ሰሜን ነው። አንዱ ልጅ ምሥራቅን፣ ጎኑ ያለው ሰሜንን ይዞ ሲመጣ ሁለቱ ተጋግዘው አራቱንም አቅጣጫ ያገኟቸዋል። ኬንትሮስ የሚባለውንም ያስተማርኳቸው በዚሁ ነው፣ ሉል ላይ ከደሴ ተነስቼ ጣቴን ሽቅብ... ይኸው፣ እኔም እስከ ዛሬ ያመልጠኛል፣ ጣቴን ወደ ሰሜን እየሳብኩ መካ ሳደርሰው። ጋምቤላ ወይ ጅግጅጋ ካለሽ ግን ቂብላው ከሰሜን ዞር ስለሚል ለክተሽ አስተምሪ።

3ኛ. ካርታ ማለት ከላይ ሲታይ ማለት ነው፣ ልጆቹ ይህን አያውቁም። ክብሪት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪና ሳሉ በያቸው። ሁሉም ከጎን ይስሉታል። ከዚያ አንድ በአንድ ወንበር ላይ ቆመው ቁልቁል ይዩት። ቀጥሎ ክፍሉን፣ ቀጥሎ ግቢውን። ግቢውን በእርምጃ ይለኩት፣ አሥር እርምጃ በካሬ ደብተር ላይ አንድ ካሬ ይሁን። የካርታ መስፈርት (ስኬል) የሚባለው ይኸው ነው። ትርጉሙን በቃል ከማስጠናት ይህ አንድ ክፍለ ጊዜ ይበልጣል።

የክሩን ነገር ግን አትዝለይው። ካርታዬ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር 20 ኪሎ ሜትር ነው። ከደሴ አዲስ አበባ ክር ወጥረው ለኩት፣ 12 ሴንቲ ተኩል ገደማ ሆነ፣ በ20 ሲያባዙት 250 ኪሎ ሜትር። አባቱ የጭነት መኪና ሾፌር የሆነ ልጅ ተነሥቶ «ውሸት ነው፣ 400 ነው» አለ። ደስታዬን አልነግርሽም። ክሩን አርጥበን በመንገዱ ላይ፣ በኮምቦልቻ፣ በከሚሴ፣ በደብረ ብርሃን አጣጠፍነው። ሲዘረጋ በጣም ረዘመ፣ 400 ግን አልሞላም። «የቀረው የት ሄደ?» አልኳቸው። የሾፌሩ ልጅ ራሱ መለሰው። ትንንሾቹ መጠምዘዣዎች ካርታው ላይ አይሣሉም አለ። እኔ ብነግራቸው በሦስተኛው ቀን ይረሱት ነበር።

4ኛ. ግዢው። እዚህ ላይ ሆዴ የተቃጠለው ሁለት ጊዜ ነው።

መጀመሪያ በነፃ ለማግኘት ሞከርኩ። ያ ሱፐርቫይዘር ከሄደ በኋላ ለየቡድኑ የሚነጠፍ ካርታ ፈለግኩ። የወረዳው መጋዘን ውስጥ አለ አሉኝ። የወረዳውን ስም አልጠራም። ርዕሰ መምህሩ ደብዳቤ ጻፈልኝ፣ ማኅተም ተመታበት። ሁለት ሰዓት ተኩል በእግሬ ሄድኩ። «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው» ተባልኩ። በሳምንቱ ተመለስኩ። «ሞዴል 20 ካልተሞላ አይወጣም» አሉኝ፣ የዕቃ መጠየቂያ ቅጹን ማለታቸው ነው። አስሞላሁ። በሦስተኛው ጉዞዬ ንብረት ክፍሉ በሩን ከፈተ። ስድስት ካርታ ፕላስቲኩ ሳይቀደድ ጥግ ላይ ተደርድሮ ቆሟል። በዓይኔ አየሁት። ሰውዬው ለምን እንደፈለግኩት ጠየቀኝ፣ ልጆቹ መሬት ላይ ዘርግተው እንዲማሩበት አልኩት። «መሬት ላይ ሊያንከባልሉት? ያበላሹታል» አለና ቁልፉን አዞረ። ደብዳቤዬን እንኳ መዝገብ ቤት አላስገባውም። በሁለተኛው ዓመት ሌላ መምህር ሄዶ ቢጠይቅ አይጥ በልቶት ተጣለ አሉት። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ስድስት ካርታ ማለት እኮ ስድስት ቡድን ነበር።

አንቺ ከሄድሽ ብቻሽን አትሂጂ። ከወተመህ (ከወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ) አንድ አባት ወይ አንዲት እናት ይዘሽ ሂጂ፣ ለወላጅ እንደ ለመምህር አይመልሱም። ደብዳቤሽ መዝገብ ቤት ይግባ፣ የገባበትን ቁጥርና ቀን ጽፈሽ ያዢ። ኃላፊው ስብሰባ ናቸው ሲሉሽ ቁጥሩን አሳዪያቸው።

ሁለተኛው ጥፋት ግን የራሴ ነው። ደሴ ከተዛወርኩ በኋላ በ2014ቱ ጦርነት ትምህርት ቤታችን ካርታውንም ሉሉንም አጣ። በ2016 አዲስ አበባ ስሄድ ከመንገድ ዳር ሻጭ ትልቅ ካርታ በ900 ብር ገዛሁ። ሳልዘረጋው፣ እንደተጠቀለለ። ቤት ገብቼ ስከፍተው ዘጠኝ ክልል ነው። ሲዳማ በ2012፣ ደቡብ ምዕራብ በ2014፣ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ በ2015 ራሳቸውን ችለው ክልል ሆነዋል። አሁን 12 ክልልና ሁለት ከተማ አስተዳደር ነው። እኔ የያዝኩት ካርታ ላይ ደቡብ አንድ ክልል ነው። ከደመወዜ 900 ብር ምን እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ። ስለዚህ ከመግዛትሽ በፊት አስዘርጊው፣ ሐዋሳ ዙሪያ ሲዳማ ለብቻው ቀለም እንዳለው እዪ፣ የታተመበትን ዓመትም ከግርጌው አንብቢ። ከሱዳን በስተ ደቡብ ደቡብ ሱዳን የምትባል አገር ከሌለች ደግሞ ከ2011 እንደ ፈረንጆቹ በፊት የተሣለ ነው፣ ጭራሽ አትንኪው።

ያንን ካርታ ግን አልጣልኩትም። ክልሎቹ ቢያረጁም ተራራውና ወንዙ አላረጀም። ለነገሩ ከክልል ወሰን መጀመርም አያስፈልግሽም። ወሰን ላይ ወላጅ ከወላጅ ይከራከራል፣ ልጆቹም ቤት የሰሙትን ይዘው ይመጣሉ። መጀመሪያ ወንዙን፣ ተራራውን፣ ሐይቁን አስይዢያቸው፣ ክልሎቹን በኋላ ከላዩ ያለብሱታል።

ቀለሙን ግን አስጠንቅቂያቸው። የተፈጥሮ ካርታ ላይ አረንጓዴ ዝቅተኛ ቦታ ነው፣ ቡናማ ከፍተኛ። የእኔ ልጆች ሁሉ አፋር ደን ነው፣ ሰሜን ተራሮች በረሃ ነው ይሉኝ ነበር። ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ የወረደ፣ ሙቀቱ የሚያቃጥል ቦታ ነው፣ ካርታው ላይ ግን ለምለም ይመስላል።

ይህን ሁሉ ያስተካከለልኝ የአፈር ካርታው ነው። ምንም ብር አላወጣንበትም። ከግቢው ጥግ በርዝመትም በወርድም ሦስት ሦስት ሜትር መሬት ደለደልን፣ ሰሜኑን በፀሐይ ለየን፣ ሸክላ አፈር ከቤታቸው በፌስታል አመጡ። ራስ ዳሽን፣ ጉና፣ ጮቄ፣ ባሌ ከፍ ከፍ አሉ። ስምጥ ሸለቆውን በጣታቸው ቆፈሩት፣ ከአፋር እስከ ጫሞ። አንድ ሳምንት ፈጀብን። ሲደርቅ በጆግ ውሃ አመጣሁና ከደሴ በስተ ምዕራብ ባለው ከፍታ ላይ በቀጭኑ አፈሰስኩት።

ውሃው ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ በምሥራቅ በኩል ወረደ፣ ቦርከና ወንዝ በሚሄድበት በኮምቦልቻ በኩል አድርጎ አዋሽ ገባ፣ ከዚያ አፋር ውስጥ አፈሩ መጠጠው። ግማሹ ወደ ምዕራብ ዞረና በበሽሎ ወንዝ በኩል ዓባይ ገባ። ልጆቹ ተንበርክከው ነበር የሚያዩት፣ ጉልበታቸው በጭቃ ተለውሷል። አዋሽ ባሕር እንደማይደርስ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ እንደሚያልቅ ያን ጊዜ ነገርኳቸው። አንዲት ዝም የምትል ልጅ አለች፣ ዓመቱን ሙሉ እጇን አውጥታ አታውቅም። አያቷ የሚኖሩት ከደሴ በስተ ምዕራብ፣ ተንታ ነው። «ቲቸር፣ ታዲያ የአያቴ ጓሮ ዝናብ ግብፅ ይሄዳል፣ የእኛ ጓሮ ደግሞ አፋር ይቀራል?» አለችኝ። አዎ አልኳት። በማግሥቱ አባቷን ይዛ መጣች፣ ካርታውን ልታሳየው።

በዓመቱ መጨረሻ ከክፍሉ አብዛኛው የኢትዮጵያን ቅርጽ ከነትልልቅ ወንዞቿ በቃሉ ሣለ። ከሌሎች ትምህርት ቤቶች መምህራን መጥተው አይተውታል፣ ሁለቱ የራሳቸውን ሠርተዋል። ኮርቼበታለሁ።

የአፈሩን ሥራ በኅዳር ጀምሪው፣ ክረምቱ ካለፈና መሬቱ ከጠነከረ በኋላ። ካርታ መግዛቱን ለጊዜው ተይው። ሰኞ ጠዋት ግን በሰልፍ ሰዓት አቅጣጫውን ለይታችሁ የክፍልሽ ሰሜን ግድግዳ የቱ እንደሆነ ጻፊልኝ። በርና መስኮት ያለበት ከሆነ ካርታውን የት እንደምትሰቅይው እነግርሻለሁ፣ የአሁኑ ክፍሌም እንደዚያው ነው።