ዊልሄልሚና የሚለው ስም ከየት መጣ?

ጥያቄ፦ አብረውን የሚሠሩ አንዲት የኔዘርላንድስ ተወላጅ ስማቸው ዊልሄልሚና ሲሆን፣ የአገራቸው ሰዎች ግን «ሚን» ይሏቸዋል። የስሙን ትርጉምና ታሪክ ብትገልጹልን።
አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ዊልሄልሚና፣ ኔዘርላንዳውያን ቪለም፣ እንግሊዞች ዊልያም ለሚሉት የወንድ ስም የሴት አቻው ነው። ከጥንታዊ ጀርመናዊ ቋንቋዎች የተወረሱ ሁለት ቃላት ያሉት ሲሆን፣ የመጀመሪያው ፈቃድን ወይም ቁርጥ ሐሳብን፣ ሁለተኛው የጦረኛን የራስ ቁር ያመለክታል። ጋሻነሽ የሚባሉ እናቶች ላሉት የሸዋ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንም።

ቪለም በዚያ አገር የተከበረ ስም ነው፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በስፔን አገዛዝ ላይ የተነሣውን ዐመፅ የመሩት መስፍን የተጠሩበት ነውና። የሴቱን ስም ከሁሉ በላይ ያስታወቁት ግን ንግሥት ዊልሄልሚና ናቸው። የሸዋው ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት በሆኑ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1890፣ ገና በ10 ዓመታቸው ዙፋን ወረሱ፤ እስከ 1898 እናታቸው ኤማ በእንደራሴነት አስተዳደሩላቸው። በ1940 ጀርመን አገራቸውን ስትወር፣ የእኛ ንጉሠ ነገሥት ወደ ተሰደዱባት እንግሊዝ እሳቸውም ተሰደዱ፤ በ1948 ዙፋኑን ለልጃቸው ለዩሊያና ለቀቁ።

«ሚን» የስሙ ቤተኛ ማሳጠሪያ ነው፤ ሚና እና ቪሌማይን የሚሉትም ከዚሁ የወጡ ናቸው።